አምፖሉ በራ፤ ባለሙያው ወደቁ

ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲያበራ የኖረ ሰው፤ በአንድ ቀን ፈተና «ገና አልበቃህም» ቢባል ምን ይሰማዋል? አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጥያቄ ለዐምዴ ማሟያ ያህል የፈጠርሁት እንዳይመስልህ። ጎረቤቴ አንድ ምሽት ከበሬ ላይ ቆመው፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እያሻሹ የጠየቁኝ ነው።

እኚህ ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ደሴ ሰፊ ከተማ ናት ቢባልም ወሬ በአንድ ቀን ዞሮ ይጨርሳታልና። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ታናሽ ወንድማቸው ልሆን የምችለውን የፊዚክስ መምህር እየሣቁ «የኔታ» ይሉኛል። ትምህርታቸውን ከ8ኛ ክፍል አቋርጠው፤ ለአንድ አሮጌ ባለሙያ መሰላል ተሸካሚ ሆነው ነው ሥራውን የለመዱት። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውኃ ድረስ እርሳቸው ያልገቡበት ሰፈር የለም ብል ብዙ አላጋነንሁም። መብራት የጠፋበት ሰው የሚጠራው እርሳቸውን ነው፤ ሠርግ የደረሰበትም ሰው ለዳሱ መብራት የሚለምነው እርሳቸውን ነው።

ታዲያ በዚህ ዓመት ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሥራ ተቋራጭ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያወጣ፤ «የብቃት ማረጋገጫ ያለው» የሚል ቃል ጨመረበት። ጋሼ ማረጋገጫ የላቸውም። ወረቀቱ ከሌለ ሥራው የሚሰጠው፤ እርሳቸው ራሳቸው መሰላል አሸክመው ላስተማሩት ልጅ ነው። ልጁ ወረቀቱን ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደመወዙ እንዳለ ሆኖ፤ ይህኛው ነገር የበለጠ ሳያማቸው አልቀረም። በልጁ ግን አልቀኑም፤ «እጁ ጥሩ ነው፤ እኔ ነኝ ያሠለጠንሁት» ብለው ነው የነገሩኝ።

ሕዝቡ «ሲኦሲ» እያለ የሚጠራውን የሙያ ብቃት ምዘና የማያውቅ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ ልግለጽ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ከያዛቸው አሳቦች ዋነኛው፤ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፤ ምን መሥራት እንደሚችል ይመዘን የሚል ነው። በኮሌጅ የተማረም፤ እንደ ጋሼ መሰላል ተሸክሞ የለመደም፤ በአንድ ሚዛን ላይ ይቆማል። ምዘናው የዕውቀት ጥያቄ አለው፤ የተግባር ሥራም አለው፤ ሁለቱንም ማለፍ ግድ ነው። ከመቶ ይህን ያህል አገኘህ የሚባል ነገር የለም። ውጤቱ «ብቁ» ነው፤ ወይም «ገና ያልበቃ» ነው።

እንደ መምህርነቴ ይህች «ገና» የምትለዋ ቃል ደስ ትለኛለች። እኔ ለተማሪ ከመቶ 49 ስሰጥ «ወደቀ» ብዬ እዘጋበታለሁ፤ «ገና» ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ትተዋለች። ጋሼ ይህን ማጽናኛዬን ሰምተው ዝም አሉና፤ «ተወኝ እባክህ የኔታ፤ ገና ማለት ለልጅ ነው» አሉኝ።

በጽሑፉ መውደቃቸውን አስቀድመው ጠብቀውት ነበር። ያልጠበቁት የተግባሩን ነው። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚባለውን ሙያ ነበር የተመዘኑት። በአንድ ሰሌዳ ላይ፤ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ አንድ አምፖል፤ አንድ ሶኬት፤ ለየራሳቸውም ብሬከር እንዲገጥሙ ታዘዙ። ይህ ለጋሼ የልጅ ጨዋታ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ቀድመው ጨረሱ፤ ብሬከሩን አበሩ፤ አምፖሉ በራ። በዚህኛው ማብሪያ አጠፉት፤ በዚያኛው አበሩት። መዛኙም ጠጋ ብሎ «ከማብራትዎ በፊት ምን ለኩ?» ሲል ጠየቃቸው።

«አምፖሉ ራሱ መለኪያ ነው፤ ይኸው በራ! አልሁት» አሉኝ። መዛኙ ምንም አልመለሰም፤ ወረቀቱ ላይ ጻፈ እንጂ።

ሁለተኛው ምዘና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው እንግዲህ ከበሬ ላይ የቆሙት። እኔም ያለ ማመንታት «አይዞዎት፤ እኔ አስጠናዎታለሁ» አልኋቸው። እውነቱን ልናገርና፤ ትንሽ ኮርቼም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ኤሌክትሪክ ማለት በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማዘንበው ቀመር ነው። ከእኔ የሚሻል አስጠኚ ከወዴት ሊያገኙ?

የመጀመሪያውን ማታ የጀመርሁት በኦም ሕግ ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ይህን ሕግ ያሳተመው በ1827 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን፤ ራሱም በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር እንደ ነበረ ተረኩላቸው። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም። ጋሼ አዛጉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲያዛጉ ቀመሩን ትቼ፤ «ጋሼ፤ ለእንጀራ ምጣድ የስንት ሽቦ ይስባሉ?» አልኋቸው።

«4 ነዋ።»

«ለምን 2.5 አይሆንም?»

«4 ነው የሚሳበው። አለቃዬም በ4 ነበር የሚስበው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። እጃቸው ልኩን ያውቃል፤ ምክንያቱ ግን ከአለቃቸው ጋር ቀርቷል። ስለዚህ ምጣዱን ራሱን ማስተማሪያ አደረግሁት። ምጣዱ 3500 ዋት ይወስዳል እንበል፤ የቤታችን ግፊት 220 ቮልት ነው፤ 3500ን ለ220 ብናካፍለው 16 አምፔር ያህል ይመጣል። ለመብራት የምንስበው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሆኖ 16 አምፔርን ለሰዓታት ልሸከም ቢል ይጨነቃል። እንጀራ መጋገር ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ አይደለም። 2.5ቱ ይችል ይሆናል፤ ግን ትርፍ ኃይል አይኖረውም። ስለዚህ ለምጣዱ የብቻው መስመር በ4 ይሳብና፤ ከምጣዱ 16 አምፔር ከፍ የሚል፤ ሽቦው ከሚችለው ግን ዝቅ የሚል ብሬከር ይገጠምለታል፤ 20 አምፔር ቢሆን ልኩ ነው። ሥርዓቱ በቁመት እንደሚሰለፉ ልጆች ነው፤ ምጣዱ ከሁሉ ያነሰ፤ ብሬከሩ መካከለኛ፤ ሽቦው ከሁሉ የበለጠ።

ጋሼ ማዛጋታቸውን ትተው እርሳስ አነሡና ራሳቸው ማካፈል ጀመሩ። ለውኃ ማሞቂያው አካፈሉ፤ ለምድጃው አካፈሉ። ቀጥሎ ነው እንግዲህ «ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፤ ሽቦውን ነው» ያልኋቸው። ሽቦው ሳይግልና ልባሱ ሳይቀልጥ፤ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ያለው እንጨትም እሳት ሳይጠጣ፤ ቀድሞ የሚቆርጠው እርሱ ነው።

እርሳሱን አስቀመጡ። ጥቂት ቆይተው፤ «ስንት ሰው ነው ብሬከሩ እየደጋገመ አስቸገረኝ ብሎ የጠራኝ» አሉ። «እኔም 16ቱን አንሥቼ 32 እገጥምለታለሁ። ከዚያ ወዲያ አይጠፋም፤ ይመርቀኛል።»

«ሽቦውንስ?»

«ሽቦውን ማን ያየዋል? ግድግዳ ውስጥ ነው።»

በዚያ ማታ ከዚህ በኋላ ብዙ አላጠናንም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ጋሼን ከቤታቸው አጣኋቸው። ከሰዓት በኋላ መጡና፤ ሦስት ቤት ዞረው የገጠሟቸውን ብሬከሮች እንዳወረዱ፤ በአንደኛው ቤት ሴትዮዋ «ደኅና የሚሠራውን ምን ሊያደርጉ ነው የሚያነሡት?» ብለው እንደ ተቆጧቸው፤ ገንዘብም እንዳልተቀበሉ ነገሩኝ። ለምዘናው የሚጠቅማቸው ነገር አልነበረም። መዛኙም ይህን አያይላቸውም።

አሁን ደግሞ የእኔን ውርደት ልናገር። በሦስተኛው ማታ በደብተር ላይ አንድ ቀላል መስመር ሣልሁ፤ ከፌዙ ተነሥቶ አምፖሉን አልፎ፤ በኒውትራሉ በኩል ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት። ጋሼ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳርፈው፤

«ይሄ ሰው ይገድላል» አሉ።

እኔም ሣቅ ብዬ፤ መስመሩ በየትም ቦታ ቢቆረጥ ኮረንቲ እንደማያልፍ፤ አምፖሉም እንደሚጠፋ አስረዳኋቸው። በክፍል ውስጥ በሁለት የባትሪ ድንጋይና በአንዲት ትንሽ አምፖል ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳየሁት ይህንኑ ነው፤ አንድም ተማሪ አልሞተብኝም።

«አምፖሉስ ይጠፋል» አሉ ጋሼ። «ፌዙ ግን እስከ አምፖሉ ማቀፊያ ድረስ መጥቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አንተ ጠፋ ብለህ ወንበር ላይ ትወጣለህ፤ አምፖሉን ስትፈታ ጣትህ ነሐሱን ይነካል፤ አለቀ። ማብሪያው ሁልጊዜ ፌዙን ነው መቁረጥ ያለበት።»

አንባቢ ሆይ፤ ሥዕሌን ባየሁት ጊዜ ፊቴ ጋለ። የባትሪ ድንጋዩ 3 ቮልት ነው፤ መሬትንም አያውቃትም። የቤቱ 220 ቮልት ግን ከመሬት ጋር የተዋዋለ ነው፤ በመካከላቸው የቆመውን ሰው መንገድ ያደርገዋል። ወዲያው ይህን እንኳ በቁጥር ላሳያቸው ብዬ፤ እጁ የረጠበ ሰው ለኮረንቲ የሚያሳየውን ተቃውሞ 1000 ኦም እናድርገው አልሁና 220ን ለ1000 አካፈልሁ፤ 0.22 አምፔር መጣ። አንድ የ40 ዋት አምፖል የሚወስደው 0.18 ነው። እንግዲህ ለአንዲት ደብዛዛ አምፖል የማይተርፍ ኮረንቲ የሰው ልብ ለማቆም ይበቃል ማለት ነው። 16 አምፔር የሚጠብቀው ብሬከር ደግሞ ለ0.22 ከእንቅልፉም አይነቃ። ብሬከር ለሰው አይደነግጥም። ለሰው የሚደነግጠው አርሲዲ የሚባለው ነው፤ በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው ካልተመለሰና የጎደለው 0.03 አምፔር ያህል ከሆነ በቅጽበት ይቆርጣል።

ጋሼ አርሲዲን ብዙ ጊዜ ገጥመዋል፤ ለምን 0.03 እንደ ተጻፈበት ግን ያን ማታ ነው ያወቁት። እኔ ደግሞ የ0.03ን ትርጉም አውቅ ነበር፤ ማብሪያ የቱን ሽቦ መቁረጥ እንዳለበት ግን ያን ማታ ነው የተማርሁት። ከሁለታችን ማን ማንን እንዳስጠና እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። እኔ በበኩሌ በማግሥቱ ከክፍሌ ገብቼ የድሮውን ሥዕል በተማሪዎቼ ፊት አረምሁት።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጋሼ ይዘዋቸው የመጡት የማስጠኛ ወረቀቶች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ጋሼ ካቻቢቴና ፒንሳ ከእጃቸው ተለይተው አያውቁም፤ ወረቀቱ ግን «ስክሩድራይቨር» እና «ፕላየር» ይላል። ቃሎቹ ጣሊያን ትቷቸው የሄደ መሆናቸውን እንኳ አያውቁም፤ ለእርሳቸው አማርኛ ናቸው። አርባ ያህል ቃል በአማርኛ ፊደል ጻፍሁላቸውና በመሣሪያ ሣጥናቸው ክዳን ላይ ለጠፉት። በልጅነቱ የጨበጠውን ጉጠት በስሙ ምክንያት ሰው ሊወድቅበት አይገባም እላለሁ፤ ሠራተኛው የሚሠራበት ቋንቋ የሚመዘንበትም ይሁን። የእኅታቸው ልጅ ደግሞ «ያለፉት ጥያቄዎች ናቸው» ብሎ መልሳቸው የተጻፈባቸውን ወረቀቶች አመጣላቸውና ሊሸመድዱ ጀምረው ነበር። አብረን ስናያቸው ከመልሶቹ ሁለቱ ስሕተት ሆነው ተገኙ፤ ጋሼም ቀሪዎቹን ሳያዩ ወረቀቱን አጣጥፈው ለምድጃ ማቀጣጠያ ሰጡት።

ስለ ሽቦ ቀለምም አንድ ማታ አጥፍተናል። በአሮጌው የእንግሊዞች ሥርዓት ቀይ፤ ቢጫና ሰማያዊ ፌዝ ናቸው፤ ጥቁር ኒውትራል ነው። እንግሊዞች በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሌሎቹ አውሮፓውያን ጋር ሲስማሙ ግን ቡናማ፤ ጥቁርና ግራጫ ፌዝ፤ ሰማያዊ ኒውትራል ሆነ። ትናንት ፌዝ የነበረው ሰማያዊ ዛሬ ኒውትራል፤ ትናንት ኒውትራል የነበረው ጥቁር ዛሬ ፌዝ! አሮጌና አዲስ ዝርጋታ በተቀላቀለበት ቤት ቀለም አምኖ የሚነካ ሰው ነፍሱን በቀለም አስይዟል።

ወደ ዋናው ነገር፤ ማለትም ጋሼን ወደ ጣላቸው ነገር ልመለስ። «ከማብራትዎ በፊት ምን ለኩ?» የሚለው ጥያቄ እውነትም ያንገበግባቸው ነበር። እጃቸውን የናቀባቸው መስሏቸዋል። እኔም በቃል ላሳምናቸው ደክሜ ትቼው ነበር፤ ያሳመናቸው አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው።

ከአንድ ወዳጃቸው ሜገር ተዋሱ። ሜገር የሽቦ ልባስ ኮረንቲ እንዳያሾልክ የሚመረምር መሣሪያ ነው፤ ለቤት ዝርጋታ 500 ቮልት ይሰድና ልባሱ ስንት ሚሊዮን ኦም እንደሚቃወም ያሳያል። ከ1 ሚሊዮን ኦም በታች ከሆነ አይበራም፤ ምክንያቱ ይፈለጋል። በግቢያችን ውስጥ ሰሌዳ አቁመን ስንለማመድ፤ ጋሼ ከአንድ አሮጌ ቤት የነቀሉትን መንታ ሽቦ አመጡና አምፖል ገጠሙበት፤ ወገግ ብሎ በራ። «አየህ?» አሉኝ። ከዚያ አጥፍተን፤ አምፖሉንም አውጥተን፤ በሁለቱ ገመዶች መካከል በሜገሩ ለካነው። የመሣሪያው ቁጥር 0.2 ላይ ቆመ። ሽቦውን ቀስ ብለው አጎበጡት፤ ልባሱ እንደ ደረቀ ልጣጭ ተሰነጠቀ። ያ ሽቦ ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲረጥብ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቁታል። አምፖሉ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ወገግ ብሎ ይበራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «አምፖሉ ራሱ መለኪያ ነው» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

በዚያው ማታ ሻይ እየጠጣን ሳለ ሌላ ነገር አወጡ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቤት ሲሠሩ ብሬከሩን አጥፍተው ረዳታቸውን መሰላል ላይ አወጡት። የቤቱ እመቤት ማቀዝቀዣው መጥፋቱን አይተው፤ ምን ሆነ ብለው ብሬከሩን አበሩት። ልጁ ከመሰላል ወደቀ፤ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ተረፈ። «ሁልጊዜ ሴትዮዋን ነበር የምረግመው» አሉ ጋሼ፤ «ግን ማን ነገራቸው? እኔ አልነገርኋቸውም። ወረቀት እንኳ አልለጠፍሁም።» ልጁ ማን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው፤ ያ ወረቀቱን ቀድሞ የወሰደው ልጅ መሆኑን ነገሩኝ።

ስለዚህ ልምምዳችንን በአዲስ መልክ ጀመርነው። ሥራ ሳይነካ መጀመሪያ የተሰጠውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ማንበብ፤ ቀጥሎ አንድም ሽቦ ሳይቆረጥ መስመሩን በወረቀት መሣል። ከዚያ ማጥፋት፤ የጠፋውን ሌላ ሰው እንዳያበራው መቆለፍ፤ ቁልፍ ከሌለ «ሰው እየሠራ ነው፤ አታብሩ» ብሎ መለጠፍና ለቤቱ ሰው በአፍም መንገር። ከዚያ ቴስተሩን ኮረንቲ እንዳለው በታወቀ ቦታ ላይ መሞከር፤ በዚያው ቴስተር የምንሠራበትን መስመር መመርመር፤ ከዚያም ቴስተሩን እንደ ገና በታወቀው ቦታ ላይ መሞከር። ዝርጋታው ሲያልቅ፤ ገና ሳይበራ፤ የመሬቱ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መያያዙን፤ ልባሱ አለማሾለኩን፤ ማብሪያውም የሚቆርጠው ፌዙን መሆኑን መለካትና ቁጥሩን መጻፍ። ማብራት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በየማታው አንድ ጊዜ ይደጋግሙ ነበር። መጀመሪያ ላይ እያጉረመረሙ፤ በኋላ እንደ ጸሎት። እኔም ወንበር ስቤ መዛኝ እሆናለሁ፤ በየእርምጃው «ለምን?» እላለሁ። አንዳንዴ ለምን ብዬ ሳልጨርስ ይመልሱልኛል፤ አንዳንዴም «ይሄን እኔም እንጃ፤ አንተ ንገረኝ» ይላሉ። እኔም የማላውቀው ሲሆን መጽሐፍ እንገልጣለን።

የምዘናው ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርሁ አላስታውስም። ማታ ጋሼ ሲመጡ ፊታቸውን አይቼ መገመት አልቻልሁም፤ እንደ ወትሮው ባርኔጣቸውን ያሻሻሉ። ተቀመጡና ከመጀመሪያው ጀምረው ይተርኩልኝ ጀመር። በተግባሩ ሌሎቹ ልጆች ቀድመዋቸው ጨርሰዋል፤ አንደኛው እንዲያውም የእርሳቸውን አዝጋሚነት አይቶ ሣቀ። እርሳቸው ቴስተሩን በሶኬቱ ላይ ሞከሩ፤ ሰሌዳውን መረመሩ፤ ተመልሰው በሶኬቱ ላይ ሞከሩ። መዛኙ ሌላ ሰው ነበር፤ ጠጋ አለና፤

«ቴስተሩን መጀመሪያ ሞክረውታል፤ ለምን እንደ ገና?» አላቸው።

«መካከል ላይ ሞቶ ቢሆንስ? የሞተ ቴስተር ሽቦውን ሁሉ ሙት ነው ይላል» አልሁት አሉኝ።

«ታዲያስ?» አልሁ፤ ትዕግሥቴ አልቆ።

«ታዲያማ ብቁ!» ብለው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ ደፉት። የጽሑፉንም አልፈውታል። የኮምቦልቻው ሥራ ገና አልተሞላም ነበርና ማመልከቻቸውን በማግሥቱ አስገቡ፤ ይህን ዐምድ በምጽፍበት ሰዓት መልሱን እየጠበቁ ናቸው።

ሻዩን እስካፈላ ድረስ ጋሼ ቀና ብለው የክፍሌን አምፖል ያዩ ነበር። «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አሉ። የተከራየሁት ቤት ስለ ሆነ አላውቅም። «አጥፋው እስቲ» አሉኝ፤ አጠፋሁት። አምፖሉም ጠፋ። ወንበር ላይ ወጥተው አምፖሉን መስተዋቱን ብቻ ይዘው ፈቱና ቴስተራቸውን ወደ ማቀፊያው ሰደዱት። የቴስተሩ ትንሽ መብራት ቀይ ሆና በራች። ማብሪያ ማጥፊያዬ ለካ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ኖሯል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ወለሉን አጥቤ፤ በባዶ እግሬ፤ ይችኑ አምፖል «ጠፍታለች» ብዬ ቀይሬ ነበር።

ጋሼ ምንም አላሉም። ወርደው ብሬከሩን አጠፉ፤ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደው «ሰው እየሠራ ነው፤ አታብሩ» ብለው ጻፉና ከብሬከሩ ላይ ለጠፉት፤ የቤት አከራዬንም ጠርተው በአፍ ነገሯቸው። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ዋጋውን ስጠይቃቸው ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ሌላ ቅዳልኝ አሉኝ።

ወረቀቱን ግን ሳያነሡት ሄዱ፤ እኔም ረሳሁት። አከራዬ እስከ ዛሬ ድረስ፤ ማለዳ እንጀራ ሊጋግሩ ሲነሡ በሬን አንኳኩተው፤ «ልጄ፤ ምጣዱን ልጥድ ነበር፤ ላብራ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል።